ቻርለስተን ለሁለት ቀን፦ አባቴን ምን ላሳየው?

ክላርክስተን_ልጅ፦
ሰላም ወገን። አባቴና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አትላንታ እኔ ጋ ናቸው። ከሞል ሞል ማዞሩ ለእነሱም ለኔም ሰለቸን። አባቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ሙዚየም ከገባ ጎትተህ ነው የምታወጣው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ቤተ ክርስቲያን ያየች ቀን ግን ሕመሙ ይረሳታል። ቻርለስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና ልወስዳቸው አስቤያለሁ። በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ቀን አለን። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ሁሉ ባለቀለም ቤትና የፈረስ ጋሪ ነው። ከዚያ ያለፈ ምን አለ? የሄዳችሁ፣ እዚያ የምትኖሩ፣ እስቲ ጣል ጣል አድርጉ።

ባለ_ኡበር፦
ወላጆችህን እንኳን ደህና መጣችሁ በልልኝ። እንጀራዬ እዚህ ከተማ መንዳት ስለሆነ ጥጋጥጉን አውቀዋለሁ። ሚቲንግ ስትሪትና ብሮድ ስትሪት የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ጀምር። የሕግ አራት ማዕዘን ይሉታል። በአንዱ ጥግ ማዘጋጃ ቤቱ፣ በአንዱ የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ በሦስተኛው የፌዴራሉ ፍርድ ቤትና ፖስታ ቤቱ፣ በአራተኛው ቅዱስ ሚካኤል። የከተማው፣ የግዛቱ፣ የአገሩና የእግዜር ሕግ አንድ ቦታ ቆመው ይተያያሉ።

ሚካኤልን አትለፉት። ከ1752 እስከ 1761 ነው የተሠራው። ከተማው ውስጥ ከቆሙት የቤተ ክርስቲያን ህንፃዎች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። ነጭ ነው፣ ማማው 186 ጫማ ይረዝማል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1791 ሲመጣ የተቀመጠበት ባለበር መቀመጫ አሁንም አለ፣ ቁጥሩ 43 ነው።

ደወሎቹ ደግሞ ከኔና ካንተ በላይ ተጉዘዋል። ስምንት ናቸው። በ1764 ለንደን ተሠርተው መጡ። የነጻነት ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዞች ነቅለው ይዘዋቸው ሄዱ። አንድ ነጋዴ ገዝቶ መለሳቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ከመድፍ ይትረፉ ተብሎ ወደ ግዛቷ ዋና ከተማ ወደ ኮሎምቢያ ተወሰዱ። በ1865 ኮሎምቢያ ራሷ ስትቃጠል እዚያው ተቃጠሉ። ስብርባሪው ተለቅሞ ለንደን ሄደ፣ በድሮው ቅርፅ ተሠርቶ ተመለሰ። ቁጠረው፣ እስከ 1867 ድረስ ብቻ አትላንቲክን አምስቴ ተሻግረዋል።

አስቴር_ዘዲሲ፦
እኔ እናቴን ወስጃት ነበር። ሚካኤል ነው ስላት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ መቃኑን ተሳለመች። በር ላይ የቆሙት ሰውዬ ግራ ገባቸው፣ ግን ደስ አላቸው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ግድግዳው ነጭ ነው፣ እንደኛ በሥዕል የተሞላ አይደለም። «ሥዕሉስ የታለ?» አለችኝ። ወደ መሠዊያው ስንጠጋ በባለቀለም መስታወቱ ላይ ሚካኤል ዘንዶውን ሲጥለው አየች። እልልታዋን አፏን በእጇ ይዛ ነው ያስቀረችው።

ክላርክስተን_ልጅ፣ ቀኑ ከተመቻችሁ ጁን 19 ሂዱ። የጥቁሮቹ የነጻነት በዓል ነው፣ ጁንቲንዝ። በኛ ደግሞ ሰኔ 12፣ ሚካኤል። እናትህ ሁለቱንም ታከብራለች።

ሐበሻዊት፦
ሁላችሁም ስለ ደወልና ስለ መስታወት ታወራላችሁ። ይሄ ሁሉ ውበት በማን ላብ ነው የቆመው? ወደ ሰሜን አሜሪካ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን 40 በመቶ ገደማው በዚህ ወደብ እንዳለፉ ይገመታል። አባትህ የታሪክ አስተማሪ ከሆነ ከዚህ ይጀምር። ባለቀለም ቤቱ የትም አይሄድም።

ባለ_ኡበር፦
እህቴ፣ እኔም ልደርስበት ነበር፣ ቀደምሽኝ። እውነትሽን ነው። እንዲያውም ከሚካኤል በብሮድ ስትሪት ወደ ወደቡ ቁልቁል ትንሽ ከተሄደ መንገዱን የሚዘጋ ትልቅ ቤት አለ፣ ኦልድ ኤክስቼንጅ ይባላል። በ1771 ያለቀ የጉምሩክና የነጋዴ ቤት ነው። እንግሊዞች ምድር ቤቱን እስር ቤት አደረጉት። ፎቁ ላይ ሳውዝ ካሮላይና የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በ1788 አጸደቀች። ከህንፃው በስተሰሜን ባለው ደጅ ደግሞ ሰው በጨረታ ይሸጥ ነበር። ላይ ሕገ መንግሥት፣ ደጅ ላይ ጨረታ። አስጎብኚ አያስፈልግም፣ እዚያ ቆሞ ማየት ይበቃል።

በ1856 ከተማው አደባባይ ላይ መሸጥ ከለከለ። ሽያጩ ግን አልቆመም፣ ግቢ ውስጥ ገባ። ቻልመርስ ስትሪት ላይ ያለው ኦልድ ስሌቭ ማርት ያን ጊዜ የመጣ ነው፣ ህንፃው የ1859 ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ትንሽ ናት፣ አንድ ሰዓት አትፈጅም። መንገዱ ግን ኮብልስቶን ነው። የኛ አገሩ ዓይነት የተስተካከለ እንዳይመስልህ፣ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። መርከቦች ለሚዛን ጭነውት የመጡት ነው ይባላል። የእናትህን እጅ ያዝ።

መንገደኛው፦
ሲቲ ማርኬት የሚባለውስ? ያ ረጅሙ አዳራሽ ነው አይደል ባሪያ የተሸጠበት?

ባለ_ኡበር፦
አይደለም። ተሳፋሪዎቼ ሁሉ እንደሱ ይሉኛል። ሲቲ ማርኬት የሥጋ፣ የአትክልትና የዓሣ ገበያ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ባለዓምድ ቤት የ1841 ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ሲላላኩና ዕቃ ሲሸጡ ይውሉበት ነበር፣ እነሱ ራሳቸው የተሸጡት ግን ሌላ ቦታ ነው። አሁን እዚያ የሚታዩት የሣር ቅርጫት የሚሰፉ እናቶች ናቸው። ጉላ ጊቺ የሚባሉ ሕዝብ ናቸው፣ ከምዕራብ አፍሪካ የሩዝ አገሮች የመጡት ሰዎች ልጆች። አሰፋፉ ከኛ ሰፌድ አይለይም፣ ሣሩን ጠቅልለህ፣ እየዞርክ፣ እየወጋህ። እናትህ አጠገባቸው ትቁምና ቋንቋ ሳይኖራቸው ሲግባቡ ታያለህ። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። አትከራከራቸው፣ አንዱን ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናትህ ትነግርሃለች።

ሐበሻዊት፦
ጋድስደን ወደብ ያለውን ሙዚየም ማንም አልጠራውም። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም። የተከፈተው በጁን 2023 ነው። የባሪያ ንግዱ ሊዘጋ ሲል፣ ከ1806 እስከ 1807 መጨረሻ፣ ወደ ከተማው የሚገቡ የአፍሪካ ምርኮኞች ሁሉ የሚራገፉት በዚያ ወደብ ነበር። ነጋዴዎቹ ዋጋ እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ ያቆዩአቸው ነበር። ብዙዎች እዚያው በብርድና በበሽታ አለቁ።

ህንፃው መሬቱን አይነካም። በ18 ዓምዶች ላይ 13 ጫማ ከፍ ብሎ ነው የቆመው፣ ያ መሬት አይረገጥም ብለው። ከሥሩ ያለው ቦታ ክፍት ነው። መሬቱ ላይ በመርከብ ሆድ ውስጥ ተደርድረው የተጋዙ ሰዎች ቅርፅ ተቀርጿል። ውሃ ይሞላባቸዋል፣ ይጎድላል፣ እንደ ባሕሩ። እኔ እዚያ ስቆም ወደ ውስጥ ለመግባት አቅም አጣሁ። የታችኛው ነጻ ነው፣ የላይኛውን ትኬት ቀድማችሁ በስልክ ግዙ። የዘር ሐረግ የሚፈለግበት ክፍልም አለው።

ግንበኛው፦
እኔ ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ፣ ከሲያትል። ስለ ህንፃ ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም።

የአባትህን ዓይን ወደ ግድግዳዎቹ አዙርልኝ። በድሮ የጡብ ቤቶች ላይ፣ በፎቁ ወለል ትክክል፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ብረት ተለጥፎ ታያለህ። አንዳንዱ መስቀል ነው፣ አንዳንዱ ኮከብ፣ አንዳንዱ የአንበሳ ፊት። ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ አይደለም፣ የቡሎን ራስ ነው።

ኦገስት 31 ቀን 1886፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከተማዋን 7 ገደማ የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ቢያንስ 60 ሰው ሞተ። ሳይጎዳ የቀረ የጡብ ቤት ጥቂት ነው። የድሮ የጡብ ግድግዳ ክብደት ይችላል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ግን አይችልም። ወለሉን የሚሸከሙት እንጨቶች ግድግዳው ላይ ተቀምጠዋል እንጂ አልታሰሩም። መሬቱ ሲናወጥ ግድግዳው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ እንጨቱ ይንሸራተታል፣ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ከግድግዳ ግድግዳ ረጅም የብረት ዘንግ በወለሉ ሥር ዘረጉ። በሁለቱም ጫፍ ከውጭ ሳህን፣ ከሳህኑ ላይ ዳዶ፣ ከዚያ ማጥበቅ። ቤቱን አቀፉት ማለት ነው። በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ያን ያህል ያድናል ወይ? ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። እኔ የግድግዳው ኖራ ከተበላ ዘንጉ ብቻውን ብዙ አይረዳም ባይ ነኝ። ግን ያልታሰረ ግድግዳ ሥር ከምተኛ የታሰረው ሥር ብተኛ ይሻለኛል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ይገባችኋል።

ሌላ። ጡቡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ያ አገር ድንጋይ የለውም፣ ረግረግ ነው። ስለዚህ በየወንዙ ዳር ባሉት እርሻዎች ጭቃ ተረገጠ፣ በቅርፅ ተመታ፣ ተቃጠለ። የሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፣ ሕፃናትም ነበሩበት። ጡቡ ሳይደርቅ ሲያነሱት የጣታቸው አሻራ ታትሞበት ቀርቷል። በአንዳንድ ህንፃዎች ላይ ጣትህን ብታስገባ ልክህ ነው፣ ወይም ይጠብሃል። ሲጠብህ የማን ጣት እንደነበር ይገባሃል።

ክላርክስተን_ልጅ፦
ግንበኛው፣ ይሄን ለአባቴ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ዝም አለ። ከዚያ «ነገ አንሄድም?» አለኝ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

እስቲ ስለ ቤቶቹ ንገሩኝ። ለምንድነው ጎናቸውን ለመንገድ የሰጡት?

ባለ_ኡበር፦
ሲንግል ሐውስ ይባላሉ። ወደ መንገድ ያለው ስፋት አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ቤቱ ወደ ጓሮ ይረዝማል። በደቡብ ወይም በምዕራብ ጎኑ በየፎቁ ረጅም በረንዳ አለው፣ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ለመቀበል። ኤሲ ባልነበረበት ዘመን በዚህ ወበቅ ሌላ ምን ታደርጋለህ? የሚያስቀው በሩ ነው። ከመንገድ በሩን ከፍተህ ስትገባ ቤት ውስጥ አይደለህም፣ በረንዳው ላይ ነህ። የቤቱ እውነተኛ በር መሐል ላይ ነው። የመንገዱ በር ከተዘጋ በረንዳው ላይ ሰው አለና አትምጡ ማለት ነበር ይላሉ።

እነዚያ ባለቀለም ቤቶች ሬይንቦ ሮው ይባላሉ፣ ኢስት ቤይ ስትሪት ላይ ያሉት 13 ቤቶች ናቸው። ሰካራም መርከበኛ ቤቱን እንዲለይ ነው በቀለም የተለያዩት የሚል አስጎብኚ ካጋጠመህ ሳቅና እለፍ። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የነበሩ የነጋዴ ቤቶች ናቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተጎሳቁለው የድሃ መንደር ሆኑ። ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የምትባል ሴት ስድስቱን ገዛች፣ ማደሻ ግን አልነበራትም። በ1931 ዶሮቲ ሌግ የምትባል ሌላ ሴት የራሷን ሮዝ ቀባችው። ጎረቤት ጎረቤትን እያየ ተከተለ።

ሸገር_ናፋቂ፦
የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ኮሪደር ልማት ገብቶበት አልቆለት ነበር። ፒያሳን በ2016 ዓ.ም. እንዴት እንዳደረግናት አይታችኋል።

አስቴር_ዘዲሲ፦
ወንድሜ፣ እሱን ክር ሌላ ቦታ ክፈትና እዚያ እንላቀስ። እዚህ ሰው ወላጆቹን ሊያስጎበኝ ነው።

ግንበኛው፦
ማነጻጸሩን ባልጠላም እነሱም በጽድቅ ብቻ አላቆዩትም። ጥጡና ሩዙ ወደቀ፣ በዲሴምበር 1861 ትልቅ እሳት ከተማዋን አቋርጦ በላት፣ ጦርነቱ ጨመረበት። ለማፍረስም ለመገንባትም ገንዘብ አልነበረም። «ቀለም እንዳንገዛ ድሆች፣ ኖራ እንዳንቀባ ኩሩዎች ነበርን» ይላሉ ራሳቸው። መኪና ሲመጣ ግን ነዳጅ ኩባንያ ጥግ ጥጉን መግዛት ጀመረ። በ1803 የተሠራው የጆሴፍ ማኒጎልት ቤት የአትክልት ቦታው ነዳጅ ማደያ ሆኖ ነበር፣ ቤቱ የተረፈው ለጥቂት ነው። ሙዚየሞችና ሀብታሞች ደግሞ የቤቶቹን ውስጥ በእንጨት ሥራው ገንጥለው ይገዙ ነበር። ያ ነው ያስደነገጣቸው። በ1931 ከተማዋ የታሪካዊ ቀጠና ደንብ አወጣች፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው። ዛሬም እዚያ ክልል ውስጥ ከመንገድ የሚታይ ነገር ለመቀየር ቦርድ ፊት ትቀርባለህ።

ሚኒሶታ_ብርዱ፦
ተገንጥሎ የተሸጠው እኮ አንዱ እኛ ጋ ነው። ሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ከቻርለስተን የኮሎኔል ጆን ስቱዋርት ቤት የመጣ እንግዳ መቀበያ ክፍል ሙሉውን ተተክሏል። ግድግዳ፣ የምድጃ ክፈፍ፣ ቅርጻ ቅርጹ ሁሉ። ልጆቼን ይዤ ስገባ ሁሌ አያለሁ። መግቢያው ነጻ ነው፣ ይሄን ያህል ሰው አምስት ሰዓት ሊነዳ እኔ ግን ጎረቤቴ ላይ አለኝ።

ሐበሻዊት፦
ደንቡ ጥሩ ነው፣ ቤቱን አዳነ። ሰዉን ግን አላዳነም። በየጓሮውና በየመተላለፊያው የሚኖሩት ጥቁር ተከራዮች ቤቱ ሲታደስ ወጡ። ዛሬ ያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ድሮ የነበረው የጥቁር ሰፈር አብዛኛው የለም። ይሄንንም ለአባትህ ንገረው፣ ቤቱን ብቻ እንዳያደንቅ።

ለቤት ጉብኝት ከአንድ በላይ ጊዜ ከሌላችሁ ኤይከን ሬት ሐውስ ግቡ፣ ኤልዛቤት ስትሪት። በ1820 የተሠራ ነው። የገዛው ተቋም አላደሰውም፣ እንደተገኘ ነው የተወው። ቀለሙ ተላጧል፣ ወረቀቱ ተንጠልጥሏል። ዋናው ግን ጓሮው ነው። ወጥ ቤቱና ልብስ ማጠቢያው፣ ከላያቸው በባርነት የተያዙት የሚያድሩባቸው ክፍሎች፣ ፊት ለፊት የፈረስ በረቱ፣ ሁሉም እንዳለ አለ። አጥሩ ከፍ ያለ ነው። ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚወስደውን መንገድ በእግር ስትሄዱት ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ይነግራችኋል። ናትናኤል ራስል ሐውስ ያለውን ግድግዳ ሳይነካ የሚወጣ ደረጃ ሁሉም ይወደዋል። ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን ጓሮውን እመርጣለሁ።

መንገደኛው፦
ማዘር ኢማኑኤልን አትርሱ፣ ካልሁን ስትሪት ላይ። ጁን 17 ቀን 2015 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎች የተገደሉባት ቤተ ክርስቲያን። መጋቢው ክሌመንታ ፒንክኒ ከነሱ አንዱ ነበሩ።

አስቴር_ዘዲሲ፦
የእሷን ታሪክ ከሥሩ አንብቡት። ጉባኤው የተመሠረተው በ1810ዎቹ ነው። ዴንማርክ ቪሲ የሚባል አናጢ አባል ነበር። በሎተሪ 1,500 ዶላር ደርሶት ራሱን ከባርነት የገዛ ሰው ነው። በ1822 አመፅ አቅደሃል ተብሎ ከብዙዎች ጋር ተሰቀለ። ቤተ ክርስቲያኗን አፈረሷት። በ1834 የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ጭራሽ ተከለከለ፣ ሰዎቹ ተደብቀው ጸለዩ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲሠሩ ንድፉን ያወጣው የቪሲ ልጅ ነው፣ ሮበርት። እሷን ደግሞ የ1886ቱ መንቀጥቀጥ ጎዳት። አሁን የቆመችው የ1891 ናት። መንገዱ የተሰየመበት ካልሁን ለባርነት የተሟገተ ፖለቲከኛ ነው። ከዚያው አጠገብ ከፍ ብሎ የነበረው ሐውልቱ በጁን 2020 ወረደ። ስሙ ግን መንገዱ ላይ አለ።

እሑድ ብትሄዱ ገብታችሁ ጸልዩ። ፎቶ ማንሳቱን ግን ተዉት፣ የሰው ሐዘን ቤት ነው።

ክላርክስተን_ልጅ፦
የፈረስ ጋሪውስ? እናቴ መራመድ አትችልም ብያችኋለሁ።

ባለ_ኡበር፦
ለእናትህ ይሻላታል፣ ተሳፈሩ። ግን መንገዱን አንተ አትመርጥም፣ ባለጋሪውም አይመርጥም። ጋሪዎቹ አንድ ቦታ እንዳይጨናነቁ ከተማው በዕጣ ነው የሚያድላቸው። ሬይንቦ ሮው ይደርስህ ይሆናል፣ ላይደርስህም ይችላል። መኪናህን ፎቅ ፓርኪንግ አስገባ፣ መንገድ ዳር ቦታ ፍለጋ ቀንህን አትግደል። የባሕሩን ሙላት ሰዓትም እይ። ጠራራ ፀሐይ ሆኖ፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ማርኬት ስትሪት አካባቢ ውሃ ከጎርፍ ማስወገጃው ወደ ላይ ይወጣል። ጨዋማ ነው፣ መኪና ይበላል።

ክላርክስተን_ልጅ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። አባቴ ባሕሩ ላይ ያለውን ምሽግ፣ ፎርት ሰምተርን፣ ካላየሁ አልመለስም ብሏል። ጀልባው ላይ እናቴ ትችላለች?

ግንበኛው፦
አባትህ ልክ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ የመጀመሪያ መድፍ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 የተተኮሰው በሱ ላይ ነው። ግን ትልቅ ግንብ እንዳይጠብቅ ንገረው። ሦስት ደርብ ነበር፣ ኋላ የሰሜኑ ጦር ከደቡቡ መልሶ ሊይዘው ሲደበድበው ወደ አንድ ደርብ ገደማ ወረደ። የቀረውን ጡብ ይመልከተው፣ ጥይት ተሰክቶበት የቀረ አለ።

ባለ_ኡበር፦
ጀልባው ከሊበርቲ ስኩዌር ይነሳል፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየሙ ብዙ አይርቅም፣ በአንድ ፓርኪንግ ሁለቱን ትጨርሳለህ። ጉዞው ደርሶ መልስ ከነጉብኝቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። መቀመጫ አለው፣ መጸዳጃ አለው። ምሽጉ ላይ ላይኛው ክፍል ደረጃ ስላለው እናትህ ታች ትጠብቃችሁ። የጠዋቱን ጀልባ ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። ባሕሩ ላይ ነፋስ አለ፣ ነጠላ ብቻ ይዛ እንዳትሄድ፣ ጃኬት ያዝላት። ስትደርሱ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሥራ ላይ ካልሆንኩ እኔው ከፓርኪንግ እወስዳችኋለሁ። አበሻ ለአበሻ ሜትር አይቆጥርም።